ቅናታቸውን የማይደብቁት ጋሽ እንድሪስ

የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ ጋሽ እንድሪስ መጀመሪያ ሲቀኑብኝ። መካነ ሰላም ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የስፌት መኪናዬን በሩ አጠገብ ካቆምኩ ገና ሳምንትም አልሞላኝ። ትከሻቸው ላይ ዱቄት የተነሰነሰባቸው አንድ ረዥም ሰውዬ መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ። መኪናዋን አዩ፤ ፔዳሏን የሚረግጠውን እግሬን አዩ፤ ሥሬ የተከመረውን ቁርጥራጭ ጨርቅ አዩ። ከዚያ ሰው “እንደምን ዋልሽ” በሚልበት ድምፅ፣

“አንቺ ልጅ፣ ቀናሁብሽ” አሉኝ።

ክው አልኩ። ቅናት በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ፊት ለፊት የሚነገር ነገር መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። የማውቀው ቅናት በር ተዘግቶ የሚታማውን፣ “አይ፣ ምን ይወጣላታል ብለሽ ነው” የሚባለውን ነው።

“ምን አጠፋሁ?” አልኳቸው።

“ምን ታጠፊያለሽ! እኔ ቀኑን ሙሉ ወፍጮ ሥር ቆሜ ዱቄት እውጣለሁ፤ ሰው ሲያናግረኝ እንደ ደንቆሮ እጮሃለሁ። አንቺ ጥላ ውስጥ ተቀምጠሽ፣ እግርሽን እያወዛወዝሽ ትኖሪያለሽ። ታዲያ አልቀናም? ማሻአላህ፣ ያብጅልሽ።”

ብለውኝ ሄዱ። ጎረቤቴ የሆነችው ሴት ከሱቋ እየሮጠች ወጥታ፣ “እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ! ከእንግዲህ ደንበኛ አይጠፋሽም፣ ጋሽ እንድሪስ ቀንተውብሻል!” አለችኝ።

እኚህ ሰው ከሞቱ ገና ዓመት አልሞላቸውም። መርዶውን ስሰማ የሙሽራ ቀሚስ እየቆረጥኩ ነበር። መቀሱን አስቀመጥኩና ጨርቁን አየሁት። ያማረ ጨርቅ ነው። ያን ጊዜ መጀመሪያ ያሰብኩት፣ እንግዲህ ይቺን ሙሽራ ማን ይቀናባታል የሚለውን ነው። ሌላው ኀዘን የመጣው በኋላ ነው።

ጋሽ እንድሪስ በጉልምስናቸው አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርዱ ኖረው፣ ኋላ አገራቸው ገብተው ወፍጮ ያቆሙ ሰው ናቸው። ስለ ቅናት ሲጠየቁ ንግግራቸው ሁሉ ከወፍጮ ቤት ነው። “ቅናት እንደ ረጠበ እህል ነው” ይላሉ። “ጆንያ ውስጥ ካፈንሽው ይሻግታል፤ ፀሐይ ላይ ካሰጣሽው ይደርቃል።” ደግሞ፣ “የተነገረ ቅናት ዓይን አይሆንም” ይላሉ። ዓይን የሚሉት ያው የምናውቀውን፣ በሰው ላይ የሚያርፈውን ነው። ስለዚህ አይደብቁትም። ጥርሱ ያማረ ሰው ሲያዩ በጥርሱ ይቀናሉ። እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ሲያዩ በእንቅልፉ ይቀናሉ። አንድ ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ወጣት ከእናቱ ጋር ስልክ ሲያወራ ሰምተው ከመንገዱ አስቁመውት፣ “እናትህ አለች? ቀናሁብህ” አሉት። ልጁ እንባው መጣ።

ከተማው ቀስ በቀስ ለመደው። ለምዶም አልቀረ፣ ወደደው። ጋሽ እንድሪስ የቀኑበት ነገር የተመረቀ ነገር ሆነ። መልሱም ወግ ሆነ፤ “ቀናሁብህ፣ ማሻአላህ” ሲሉህ “ለርስዎም ይስጥዎ” ትላለህ፣ አለቀ። ሠርግ ተደግሶ እሳቸው ሳይቀኑ ከወጡ የሙሽራዋ እናት ፊቷ ይጠቁራል። ሴቶቹማ እርስ በርስ መቀናናት ያዙ። “በኔ ድፎ ዳቦ ቀንተዋል” ትላለች አንዷ። “በኔ ልጅ ማኽተም፣ ቁርኣኑን ቀርቶ በመጨረሱ ቀንተዋል” ትላለች ሌላዋ። እኔም ብሆን፣ ከታች ሰፈር ያለችው ልብስ ሰፊ በሰፋችው ኮት ቀኑ ሲባል ስሰማ ምሳዬ አልዋጥልሽ ብሎኝ ውሏል።

ከከላላ የመጣው ሰውዬ ነገር እስከ ዛሬ ያስቀኛል። በገበያ ቀን አንዲት ዳማ በቅሎ ላይ ተቀምጦ መጣ። በቅሎ ብዬ ዝም የምላት አይደለችም፤ ስትራመድ መሬቱን የምትጸየፍ ነው የምትመስለው። ጋሽ እንድሪስ ሱቄ ፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው አዩዋት፤ አዩዋት፤ ምንም አላሉም። ሰውዬው ጥቂት አልፎ ተመለሰ።

“ምነው አባት፣ ዝም አሉ?”

“ምን ልበል?”

“በሰው ሁሉ ይቀናሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ባይናገሩት እኮ ውስጥዎ ይቀራል! እስቲ በሞቴ ይቅኑባት፣ መንገዴ ገደል ነው!”

ጋሽ እንድሪስ ሳቃቸው አፈናቸው። “እግሯ ሲያምር! ቀናሁብህ፣ ማሻአላህ” አሉት። “ለርስዎም ይስጥዎ” ብሎ ልቡ አርፎ በቅሎውን ነካት።

እንግዲህ ይኼ ሁሉ ቅናት ሲበተን፣ ሳይነገር የቀረ አንድ ነበር። እሱን ያወቅኩት ከዚያው ከደጃፌ አግዳሚ የተነሳ ነው።

አግዳሚው የሰዓት ወዳጆች ነው። ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ከዙሁር ሶላት በኋላ ጋሽ እንድሪስ ይመጣሉ። ጡረታ የወጡት መምህር፣ ጋሽ ተፈራ፣ ይመጣሉ። ከጎኔ ስልክ የሚጠግነውና የሰዓት ባትሪ የሚቀይረው ጀማል ወንበሩን ይዞ ይወጣል። ሦስቱ ከተቀመጡ ወዲያ የመንገደኛውን ፊት የሚያይ የለም፤ የሚታየው የእጁ አንጓ ነው። “ያ የታጠበ ወርቅ ነው።” “ይኼ ባትሪ ነው፣ ነፍስ የለውም።” “የዚያ ሹፌር ሰዓት መስታወቱ ተቀይሯል፣ እየው ያብረቀርቃል።” የራሳቸው ግን የረባ አልነበረም። ጋሽ ተፈራ ተማሪዎቻቸው በጡረታቸው ቀን የሰጧቸውን ያስራሉ፤ ጋሽ እንድሪስ ባዶ እጅ ናቸው።

ታዲያ አራተኛው ሲመጣ ወሬው ይቀዘቅዛል። አራተኛው ሸህ መሐመድ ናቸው፣ የጋሽ እንድሪስ ታናሽ ወንድም። አባታቸው ቁርኣን ሲያስቀሩበት፣ ሲያስተምሩበት በነበረው ቤት ዛሬም የሚያስቀሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። በግራ እጃቸው ላይ የአባታቸው ሰዓት አለ። አባትየው ሐጅ ሄደው ሲመለሱ ከጂዳ ያመጡት ነው፤ ትንሽ፣ ክብ፣ ፊቱ የእርጎ ቀለም ያለው፣ ቁጥሮቹ ቀጫጭን፣ ከታች በኩል ደግሞ ሰከንድ የምትቆጥር ሌላ ትንሽ ክብ ያለችው። ሸህ መሐመድ ሰዓት ለማየት እጀ ጠባባቸውን ገለጥ ሲያደርጉ ጀማልና ጋሽ ተፈራ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ጋሽ እንድሪስ ፊታቸውን ወደ መንገዱ ያዞራሉ። ሁልጊዜ። መንገዱ ላይ አንዳች ባይኖርም ያዞራሉ።

አንድ ቀን ብቻቸውን ሳሉ ጠየቅኳቸው።

“ጋሽ እንድሪስ፣ በበቅሎው ይቀናሉ፣ በጥርሱ ይቀናሉ፤ በሸህ መሐመድ ሰዓት ግን አንድ ቀን ሲቀኑ አልሰማሁም።”

“መርፌሽን እዪ አንቺ፣ ጣትሽን ትወጊያለሽ” አሉኝ።

ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጭቃ የሆነ ዕለት ግን ራሳቸው አነሱት። በረንዳዬ ላይ ተጠግተው ቆመው ነበር። “አባቴ ሲሞቱ አሰብ ነበርኩ” አሉ። “መርዶው ደርሶኝ ስመጣ የመቃብሩ አፈር ደርቋል። ሰዓቱ ታናሼ እጅ ላይ ነው። ‘አባባ ሰጡኝ’ አለኝ። ሰጥተውታል። መሐመድ አይዋሽም። ቢዋሽማ ምን ነበረበት፣ ተጣልቼው ይወጣልኝ ነበር።” ወደ ጭቃው እያዩ፣ “ልጅ ሳለን ማታ ማታ ሰዓቱን ጆሯችን ላይ ያስጠጉልን ነበር። መጀመሪያ ለኔ ነው፣ ታላቅ እኔ ነኛ” አሉ። ዝናቡ ሳያባራ ሄዱ።

ያን ዕለት ቀናሁባቸው ብል ማን ያምነኛል? እናቴ ከኔ ሌላ አልወለደችም። የሚጣሉት ወንድም፣ የሚቀኑበት ወንድም ያለው ሰው ሀብታም ነው የሚመስለኝ።

አሁን ወደ አዲሱ ሰዓት ልምጣ። ጋሽ እንድሪስ አንድ ልጅ ብቻ አለቻቸው፣ ሉባባ። እናቷ ከሞተች በኋላ ዱባይ ሄዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ቁርኣን የቀራችው አጎቷ ዘንድ ነው፤ ልጅ ሆና ልብሷን እኔ ነበርኩ የምሰፋላት። ከዚያ በምትመለስ የወግዲ አገር ልጅ እጅ አንዲት ሳጥን ላከች። ጋሽ እንድሪስ ሳጥኗን ሳይከፍቱ ይዘዋት መጡና መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጧት። ሲከፈት ሦስቱም ሰዎች ባንድ ጊዜ “ላ ኢላሀ ኢለላህ!” አሉ። ጋሽ ተፈራ ክርስቲያን ናቸው፤ ቢሆንም እሳቸውም አሉ።

የአባትየው ሰዓት ነው። አዲስ ሆኖ። የእርጎ ቀለም ፊት፣ ቀጫጭን ቁጥር፣ ከታች ትንሿ ክብ። ጥቂት ተለቅ ይላል፤ በስተቀኝ ደግሞ ቀን የምታሳይ ትንሽ መስኮት ተከፍታበታለች።

ጀማል ወዲያው ስልኩን አወጣ። እሱ ከሰዓት ወዳጆች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አለ፤ አገሩ ሁሉ እዚያ ነው፣ ከጃፓን እስከ ጣሊያን። “ኩባንያው የዱሮ ሥራውን መልሶ አውጥቶት ነው” አለ። “ሰዉ ተጨቃጭቆበታል። ላንብብላችሁ?”

“አንብብ፣ አንብብ!”

“አንዱ ‘ትልቅ ነው፤ የዱሮው ውበቱ ትንሽነቱ ነበር’ ይላል።”

“የዚህ ሰው እጅ ቀጭን ነው” አሉ ጋሽ እንድሪስ። “ሌላ።”

“ሌላው ‘ቁጥሮቹን ሆን ብለው አወይበዋቸዋል፤ ያልኖረበትን ዕድሜ ቀብተውታል’ ይላል።”

ይኼን ጊዜ ጋሽ ተፈራ ተነሱ። “እውነቱን ነው! አዲስ ሆኖ አርጅቶ መወለድ ምን የሚሉት ነው? እኔ ይኼን ሽበት ያመጣሁት አርባ ዓመት ጠመኔ አራግፌ ነው፤ እሱ ከፋብሪካ ይዞት ይወጣል?”

“ዘነቡ፣ አንቺ ፍረጂ” አሉኝ ጋሽ እንድሪስ።

እኔ ምን እፈርዳለሁ። “እኔ ዕድሜዬን ቀዳዳ ስደፍን የኖርኩ ሴት ነኝ” አልኳቸው። “አሁን ልጆቹ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪ በውድ ገዝተው ይመጣሉ። ልድፈነው ስል ‘እትዬ፣ እንዳትነኪው!’ ይሉኛል። አዲሱን አሮጌ ማድረግ የዘመኑ ነው፣ ምን ታደርጉታላችሁ።”

“አንዲት ሴት ደግሞ” አለ ጀማል፣ “‘አያቴን አስታወሰኝ፤ የማንም ሐሳብ አያስፈልገኝም፤ እገዛዋለሁ’ ብላለች።”

“ይቺ ናት ሰው!” አሉ ጋሽ እንድሪስ። “ማሻአላህ በልልኝ፣ ጻፍላት።”

“እሺ። አብዛኛው ግን የተቆጣው በመስኮቷ ነው። ‘የዱሮው ላይ ያልነበረች መስኮት ማን ክፈቱ አላችሁ?’ ብለው ተሳድበዋል። ፊቱን አበላሸችው ይላሉ።”

ጋሽ እንድሪስ መስኮቷን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። የወንድማቸው ሰዓት ላይ የሌለች እሷ ብቻ ነበረች።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ሞሉት፣ የመስኮቷንም ቁጥር በሂጅራው የጨረቃ ወር ቀን አደረጉት። በማግስቱ አግዳሚው ላይ ሲመጡ ፊታቸው በርቷል። “ወገኖቼ፣ ጉድ ስሙ!” አሉ። “ትናንት መግሪብ ላይ፣ አዛን እያለ፣ እያየሁት ቀኑ ተለወጠ። ለእኛ ለሙስሊሞች አዲሱ ቀን የሚገባው መቼ ነው? ፀሐይ ስትጠልቅ። እነዚህ ፈረንጆች ይኼን አውቀው ነው የሠሩት። መስኮቷን የሚሳደቡት አልገባቸውም!”

ጀማል ራሱን አከከ። “ጋሽ እንድሪስ፣ ይኼ እኮ... ለፈረንጅ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት፣ በእነሱ አሥራ ሁለት ላይ ነው፤ ሰዓቱ በቀን ሁለቴ አሥራ ሁለትን ያልፋል፣ አንዱን ዝም ብሎ አልፎ በሌላው ቀኑን ይለውጣል። እርስዎ በእኛ ስለሞሉት የእኛ የማታ አሥራ ሁለት ላይ ገጠመ።”

“ታዲያ ማን አገጣጠመው?”

“አጋጣሚ ነዋ። የጠዋቱ አሥራ ሁለት ላይም ሊሆን ይችል ነበር።”

ጋሽ ተፈራ ዕድሉን አላሳለፉትም። “ጠዋት ላይ ቢለወጥ ኖሮ ክርስቲያን ነበር ማለት ነው? ስጠኝ እስቲ፣ ልሙላውና ላጥምቀው!”

“ንክች እንዳታደርጋት!” ብለው ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን ደረታቸው ውስጥ ከተቱ። አግዳሚው በሳቅ ወደቀ። እኔም መኪናዬን አቁሜ ሳቅኩ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ዓይናቸው ወንድማቸው በሚመጡበት በመስጊዱ አቅጣጫ ላይ ነበር። እኔ አውቄዋለሁ። ይኼን ሁሉ ዘመን በሰው ሲቀኑ ኖረው፣ አሁን የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ አንድ ሰው እንዲቀናባቸው። ጀማል ቀንቷል፣ ጋሽ ተፈራም ቀንተዋል፣ ከተማው ቀንቷል። ያ ሁሉ አልተቆጠረላቸውም። ሸህ መሐመድ ግን ሰዓቷን አይተው፣ “ማሻአላህ፣ በሰላም እሰረው ጋሼ” ብለው ስለ ዝናቡ ነበር ያወሩት።

“አየሽው?” አሉኝ ወንድማቸው ሲሄዱ። “ዓይኑ እንኳ አልቆየባትም! ሰው እንዴት ይኼን አይቶ አይቀናም?”

ለረዥም ጊዜ እንዲህ ሆኑ። ሸህ መሐመድ ሲመጡ እጅጌያቸውን ይጠቀልላሉ። ብርድ ቢሆንም ይጠቀልላሉ። ወር ሲገባ መሙያዋን ስበው ቀኗን የሚያስተካክሉት ወንድማቸው ፊት ቆመው ነው። ሸህ መሐመድ ያዩና “ማሻአላህ” ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ምንም። ጋሽ እንድሪስ እየከሱ ሄዱ። ወፍጮ ቤት የሚረዷቸው ሰዎች፣ “ሰውዬው ምን ሆነው ነው፣ እህል ሲሰፍሩ ይሳሳታሉ” ይሉኝ ጀመር።

በመጨረሻ ነገሩን ያፈነዳው የጋሽ ተፈራ አፍ ነው። “ዛሬ ሁለቱን ጎን ለጎን እናድርጋቸውና ይፈረድ” አሉ። ሸህ መሐመድ አላመነቱም። “ቢስሚላህ” ብለው ፈቱና ጠረጴዛዬ ላይ ከአዲሱ አጠገብ አስቀመጡት።

የአሮጌው መስታወት የሽማግሌ ዓይን መስሏል። ትንሿ ሰከንድ ቆጣሪ አንዳንዴ ቆም ትልና የረሳችውን እንዳስታወሰች ሰው ብድግ ትላለች። ማሰሪያው ከቁርጥራጭ ቆዳ እኔው የሰፋሁት ነው። ጀማል፣ “ቅርጹ አንድ ነው፣ ወላሂ አንድ ነው” አለ። ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩ። “እንደ አባትና ልጅ ናቸው” አሉ። “አባትየው አባት ነው፤ ልጁም ቢሆን ውሸት አይደለም።”

የጋሽ እንድሪስ እጅ ወደ አሮጌው ሄደች፤ ሳትነካው ተመለሰች።

ሸህ መሐመድ ግን አዲሱን አነሡ። በመዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት።

“ሉባባ ራሷ ናት የመረጠችው?”

“ራሷ ናት። የመደብር መስኮት ውስጥ አይታው ‘የአያቴ ሰዓት’ ብላ ቆመች አሉ። አሠሪዋ ጎትታ ነው የወሰደቻት። ከዚያ ተመልሳ ገዛችው።”

“አያቷን አታውቃቸውም እኮ። ሳትወለድ ነው የሞቱት።”

“አታውቃቸውም። ሰዓቱን ካንተ እጅ ላይ ነው የምታውቀው። እሷ ስትቀራ እጅህን ፊቷ ላይ ስታመላልስ።”

ሸህ መሐመድ መዳፋቸውን በሰዓቱ ላይ ከደኑ። ከዚያ በዚያች ዝግ ባለች ድምፃቸው፣ “ቀናሁብህ ጋሼ” አሉ። “በሰዓቱ አይደለም። ባሕር ማዶ ሆና፣ መስኮት አይታ የምታስብህ ልጅ ስላለችህ። ሁልጊዜም ቀንቼብህ ነው የኖርኩት። ማሻአላህ።”

ሸህ መሐመድና ባለቤታቸው እትዬ ሐዋ ልጅ አልወለዱም። ከተማው ያውቀዋል፤ ማንም አያነሳውም። ሁለቱም አርጅተዋል።

ጋሽ እንድሪስ ስንት ዘመን የጠበቋት ቃል መጣች። መልሷን ግን ሰጥተው አያውቁም፤ እሳቸው “ቀናሁብህ” ሲሉ እንጂ ሲባሉ ኖረው አያውቁማ። አፋቸው ከተማው ሲመልስላቸው የኖረውን ነገር አወጣ፦

“ላንተም ይስጥህ።”

የስፌት መኪናዬ ባይቆም ኖሮ ባልተሰማ ነበር። ቆሞ ነበር። ጀማል አንገቱን ደፋ። ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ያን ቃል ሽበት ላበቀለ፣ መካን ለሆነ ሰው መናገር ምን ማለት እንደሆነ ጋሽ እንድሪስ የገባቸው ከወጣ በኋላ ነው፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ሸህ መሐመድ አዲሱን ሰዓት ቀስ አድርገው አስቀመጡ፣ አሮጌውን አሰሩ፣ “አሰላሙ አለይኩም” ብለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ አግዳሚው ላይ አልመጡም። ጋሽ እንድሪስም አዲሱን ሰዓት ማሰር ተዉ። የባሰው ደግሞ፣ መቅናት ተዉ። ሠርግ ተጠርተው በሉ፣ መረቁ፣ ሳይቀኑ ወጡ። የሙሽራዋ እናት ሱቄ ድረስ መጥታ፣ “ምን አይተው ነው? ልጄ ምን ጎደላት?” ብላ አለቀሰች። ከተማው ጨነቀው። እኔ ራሴ ደጃፌ ላይ አዲስ መጋረጃ ሰቅዬ በፊቴ እስኪያልፉ ጠበቅኳቸው፤ አዩት፣ አለፉ።

ለሸህ መሐመድ የሰፋሁትን ጀለቢያ ላደርስ ከቤታቸው የሄድኩ ጠዋት ግን ጋሽ እንድሪስን ግቢው ውስጥ አገኘኋቸው። ደረሶቹ፣ የቁርኣን ተማሪዎቹ፣ ከውስጥ እየቀሩ ነው። ሸህ መሐመድ ደጃፉ ላይ ቁርበት ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ እንድሪስ ግን ቆመዋል፣ ቆባቸውን እጃቸው ላይ ይዘው። እትዬ ሐዋ በእጇ “ግቢ፣ ግቢ” ብላ ከጓዳ በር አጠገብ አስቀመጠችኝ።

“መሐመድ” አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ “ያን ቀን ያመለጠኝ ቃል...”

“ዱዓ ነው ያደረግህልኝ” አሉ ሸህ መሐመድ። “ዱዓ አይመለስም። እኔም በልቤ አሚን ብያለሁ።”

“አሚን አልክ?”

“ታዲያ ምን ልበል? ታላቄ ‘ይስጥህ’ ሲለኝ?”

ጋሽ እንድሪስ ቆባቸውን አሹት። “እንግዲያው አንድ ሌላ አለ። ልናገረውና ይውጣልኝ። በአባባ ሰዓት ቀንቼብሃለሁ። ከመጣሁ ቀን ጀምሮ።”

“አውቃለሁ።”

“ታውቃለህ?”

“እጄን ባነሳሁ ቁጥር ወደ መንገድ ስታይ፣ ጋሼ፣ አላውቅም?”

“ታዲያ ካወቅህ ለምን አልሰጠኸኝም!”

“መች ጠየቅኸኝ? በአገሩ በቅሎ ሁሉ ስትቀና፣ እኔን አንድ ቀን ቀናሁብህ ብለኸኛል? እኔም እኮ ስጠብቅ ነበር።”

እትዬ ሐዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጋሽ እንድሪስ ከቁርበቱ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሸህ መሐመድ ሰዓቱን ፈተው ዘረጉላቸው። “ውሰደው። ያንተ ይሁን።”

ጋሽ እንድሪስ ተቀበሉት። ጆሯቸው ላይ አስጠጉት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ደረሶቹ አንድ ምዕራፍ ጨርሰው ሌላ ጀመሩ። ከዚያ ሰዓቱን መለሱላቸው።

“አይሆንም” አሉ። “ይኼን ከወሰድኩ ወዲያ በምን እቀናለሁ? ያንተ ይሁን። ቀናሁብህ። ማሻአላህ።”

“ላንተም ይስጥህ” አሉ ሸህ መሐመድ፣ ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ እንድሪስ ብዙ አልቆዩም። ደረታቸውን የበላው ያ ዱቄት ነው ይባላል። አልጋ ከያዙ በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ “አንቺ፣ ቁመሽ ትሄጃለሽ፣ ቀናሁብሽ” አሉኝ። ይስጥዎ ማለት ከበደኝ፤ አልኩ። ነፍሳቸው የወጣችው ወንድማቸው ከቁርኣን ያሲንን እየቀሩላቸው ሳለ ነው። የቀበሯቸውም እሳቸው ናቸው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው።

ሉባባ ቀብሩ ላይ አልደረሰችም። ኋላ ከደሴ በመጣው መኪና አንድ ሻንጣ ይዛ ወረደች። ለቅሶው ላይ ተቀመጠች፤ ሰው አልቅሶ፣ ተሰብስቦ፣ ተበተነ። ሴቶቹ የአባቷን ቤት ጠርገው አንጥፈውላት ነበር። እሷ ሻንጣዋን አንሥታ ወደ አጎቷ ቤት ሄደች። እትዬ ሐዋ “አሚን” እያለች የውስጡን ክፍል ከፈተችላት። አሠሪዎቿ ከዱባይ ሲደውሉላት አልመለስም አለቻቸው። አሁን ጠዋት ሸህ መሐመድ ለሶላት የሚታጠቡበትን የውዱእ ውሃ ታሞቃለች፣ ቁርስ ታቀርብላቸዋለች፣ ከዚያ ሄዳ የአባቷን ወፍጮ ትከፍታለች።